ማታ ለሚጮኸው ስልክ ሰዓት ይቆጠርለት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደወል ስልክን ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከዚህ በታች ያለውን እንደ ቢሮ ደብዳቤ መጻፍ አልቻልኩበትም። እንደማወራው ጽፌዋለሁ፤ ይቅርታ።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ አራት ኪሎ ቀጠረኝ። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ አጥንቶ ዘንድሮ ነው የተመረቀው። ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። ሁለቱም «እንቀጥርሃለን» የሚሉ ደብዳቤዎች ናቸው፤ እሱ «ኦፈር» ነው የሚላቸው። ማኪያቶው ሳይደርስ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። አንዱ ሰባት ሰው ካለበት ስታርታፕ፣ ገና ከሚቋቋም ትንሽ ድርጅት ነው። ሌላው ስሙ ቢጠራ አገር ከሚያውቀው ትልቅ ድርጅት። በሁለቱም ላይ «እስከ ዓርብ መልስ ይስጡ» ይላል።

«አክስቴ፣ አንቺ ሁለቱንም ዓይነት ሠርተሻል። የትኛው ነው ሕይወት ያለው?» አለኝ።

ገረመኝ። እኛ ስንመረቅ የምንጠይቀው «ስንት ይከፍላል?» ብቻ ነበር። ይኼኛው ትውልድ ከሥራ መልስ ኳስ መጫወት፣ እናቱ ጋ እራት መብላት፣ እሑድን መተኛት እንደሚፈልግ ሳያፍር ይናገራል። ጎሽ ብያለሁ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። «ማታ ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነ ጠይቃቸው» አልኩት። ሁለቱን ወረቀት አገላበጠ። ደመወዝ አለ። የሙከራ ጊዜ አለ። «ከሠራተኛው የሚጠበቅ ትጋት» የሚል አንቀጽ አለ። ስለ ማታ ስልክ አንድም ቃል የለም።

ደብዳቤዬ የመጣው ከዚያ ነው።

እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው። ሌላው የሠራውን እየነካካሁ የት ላይ እንደሚሰበር እፈልጋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ አራቱን በስታርታፕ፣ አምስቱን በትልቅ ድርጅት። የሁለቱንም ስም አልጠራም። ክስ መመሥረቴ አይደለም፤ ደግሞም ዛሬም ድረስ የምወዳቸው ሰዎች አሉባቸው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ካዛንቺስ ነበር። አሮጌ ቪላ ተከራይተን። ሳሎኑ ቢሮ፣ ጓዳው የሰርቨር ክፍል፣ በረንዳው ምሳ ቤት። ቤቱ ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ በ2017 ሲፈርስ አብሮ ሄደ። መጀመሪያ ቀን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተጠቅልሎ የቆመ ፍራሽ አየሁ። የዘበኛው መሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት የማን እንደሆነ ገባኝ። የእኛ ነው።

ደንበኞቻችን ካሊፎርኒያ ነበሩ። እዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። እነሱ ቡናቸውን ይዘው ስብሰባ ሲገቡ እኛ እራት ሰዓታችን ነው። በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፤ ያኔ ስብሰባው አንዴ ወደ 1 ሰዓት ይመጣል፣ አንዴ ተመልሶ ወደ 2 ይሄዳል። ገና ለእነሱ ታኅሣሥ 16 ላይ አልፏል፤ ታኅሣሥ 29 ተራ የሥራ ቀን ነው። እንቁጣጣሽማ መኖሩንም አያውቁ።

መጥፎ ብቻ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። እዚያ ቤት በአንድ ዓመት የተማርኩትን በኋላ በአምስት ዓመት አልተማርኩም። እማዬ የታመመች ጊዜ ለአለቃዬ «እማዬን ሐኪም ቤት ልወስድ…» ብዬ ሳልጨርስ «ሂጂ» አለኝ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ትልቁ ድርጅት ገብቼ ይኸው ጉዳይ ሲገጥመኝ ቅጽ ሞላሁ፤ ሦስት ፊርማ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ፈራሚ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሲወጡ የካርድ ማውጫ ሰዓት አልፏል። ስለዚህ «ስታርታፕ ያቃጥላል፣ ትልቅ ድርጅት ያሳርፋል» የሚለውን ወሬ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ስታርታፑ ቀኑን ለእኔ ትቶልኝ ነበር። የወሰደው ማታዬን ነው።

ገንዘቡንማ ተዉት። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ደንበኞቻችን ጠፉብን ብለው ሌላ ፈለጉ። የሐምሌ ደመወዛችን መስከረም ላይ ገባ። አክሲዮንም ቃል ተገብቶልን ነበር። በቃል። የት እንደተመዘገበ ስጠይቅ ሁሉም ሣቀ፤ እኔም ሣቅኩ።

ከዚያ ወደ ሜክሲኮ አካባቢ ተዛወርኩ። ፎቅ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ፣ የሕክምና ሽፋን፣ ሰርቪስ።

ስለ ሰርቪሱ ትንሽ ልበል። የሥራና የሕይወት ሚዛን ስለሚባለው ነገር ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ። እንደ ሰርቪስ ግን ሚዛን ያስጠበቀልኝ የለም። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ሹፌሩ ለሥራ አስኪያጅም ደቂቃ አይጨምርም። ስለዚህ ከ11 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ፎቁ በሙሉ ቦርሳ ይይዛል። ስብሰባ ላይ ያለው ሰው «ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው» ሲል ማንም አይቆጣውም፤ ስንፍና ነው የሚልም የለም። ያመለጠው ሰው ኮዬ ፈጬ ድረስ ራይድ ይጠራል፤ ዋጋውን ሁሉም ያውቀዋል። ካዛንቺስ ሰርቪስ አልነበረንም፤ ለዚህ ይመስለኛል የቀኑ ማለቂያ ያልነበረን። ማንም ተነሥቶ የማይሄድበት ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው ሰው ሌባ ይመስላል።

እንግዲህ ትልቁ ድርጅት ተሻለኝ ብዬ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ከዚያ የክፍያ ሥርዓቱ ላይ መደቡኝ።

የፋሲካ ሌሊት ነው። እማዬ 55 ቀን ጾማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ተልባውን ቀድታልን፣ ዶሮውን ልታወጣ ድስቱን ከፍታለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል። ስልኬ ጮኸ። የበዓል ዋዜማ ሰው ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክበት ነው፤ ከላኪው የወጣ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ መሐል ላይ ቆሟል። «እባክሽ አንድ አፍታ ብቻ ግቢልኝ» አለኝ አለቃዬ። ላፕቶፑን አልጋ ላይ ከፈትኩ። ዋይፋዩ የለም፤ ከስልኬ ኔትወርክ አጋራሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደብረ ብርሃን ወላጆቹ ቤት ሆኖ ያስተካክላል፣ እኔ እፈትሻለሁ፣ ይሰበራል፣ እንደገና። ሲያልቅ ቀና ብዬ መስኮቱን ሳይ ነግቷል። 12 ሰዓት ተኩል። ሳሎን ስወጣ እማዬ ድስቱን ከድና ወንበር ላይ ተኝታለች። አልበላችም።

ጠዋት የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «እናመሰግናለን ጀግኖች!» የሚል መጣ። ሦስት የሚያጨበጭቡ እጆች አሉበት።

ያን ሌሊት እኔ ተረኛ አልነበርኩም። እንዲያውም ተረኛ የሚባል አልነበረም። ተረኛው ስልክ ያነሳ ሰው ነው። አንዴ ካነሳህ «እሱ ያነሳል» ትባላለህ፣ ከዚያ ወዲያ ሁሌ ላንተ ይደወላል። ለእኔ ደግሞ ሌላ ምክንያት ነበራቸው፤ «አንቺ ልጅ የለሽም»። እናት ግን አለችኝ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ የጻፍኩላችሁም ለእሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ደግ ሕግ ነው። መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ድንገተኛ አደጋ ወይም አስቸኳይ ሥራ ለመሰለ ምክንያት ብቻ ነው የተፈቀደው፤ እሱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው ቀን ቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

ለስሌት እንዲመች የወር ደመወዝ 41,600 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ሲባል በወር 208 ሰዓት ይመጣል፤ ስለዚህ አንዱ ሰዓት 200 ብር ነው። በበዓል ሲሆን 500። የእኔ የፋሲካ አራት ሰዓት 2,000 ብር ነበር ማለት ነው። አልጠየቅሁም። ማን ይጠይቃል? አዋጁ ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ይሠራል፣ አሠሪውም ይመዘግበዋል ይላል። «እባክሽ አንድ አፍታ ብቻ» ትእዛዝ ነው? መዝገቡስ የት አለ? ከሦስቱ የጭብጨባ ምልክት ሌላ ማስረጃ የለኝም።

እሺ፣ ለዚያ እንኳ ቁጥር አለው። የባሰው ስልኩ ያልጮኸባቸው ሌሊቶች ናቸው። ከፋሲካው በኋላ ለሁለት ዓመት ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ትራሴ ሥር አድርጌ ነው የተኛሁት። ሰርግ ላይ ላፕቶፕ ይዤ ሄጃለሁ። ሶደሬ እንሂድ ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ኔትወርኩ ነው። ያ ጊዜ የማን ነው? አዋጁ የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም ሠራተኛው ሥራ የሚሠራበትን ብቻ አይልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ መሠረት ራሱን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ የሚገኝበትንም ይጨምራል። ይቺን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። ትራሴ ሥር ያለው ስልክ ይኼው ነዋ! ግን «በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ መሠረት» ይላል። ሰባት ሰው ያለበት ስታርታፕ የኅብረት ስምምነት ከየት ያመጣል? ትልቁ ድርጅት የሥራ ደንብ አለው፤ ደንቡ ስለ መታወቂያና ስለ አለባበስ ብዙ ይላል፣ ስለ ሌሊት ስልክ ዝም ነው።

ሌላም አለ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። የሥራ መሪ ሲል ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ የሚቀጥርና የሚያሰናብት ዓይነቱን ሰው ነው። በእኛ ዘርፍ ግን ማዕረግ እንደ ቆሎ ይታደላል። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ «ሊድ»፣ የቡድን መሪ ነው፣ ሌላዋ «ማናጀር» ናት። የምታስተዳድረው ሰው የለም። ማውዝ ለማስገዛት ፊርማ ትለምናለች። ኦቨርታይም ስትጠይቅ ግን «አንቺኮ ማናጀር ነሽ» ትባላለች።

ወጣቶቹ ይኼን ሁሉ ሲሰሙ «እንግዲያውስ ቢግ ቴክ» ይላሉ፤ ግዙፎቹን የውጭ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ማለታቸው ነው። ጉግልና የፌስቡኩ ባለቤት ሜታ አዲስ አበባ የምህንድስና ቢሮ የላቸውም። ስለዚህ ትርጉሙ ወይ መሰደድ ነው፣ ወይ ከቤት ሆኖ በኮንትራት ለውጭ መሥራት። የኮንትራቱ ሰው ባብዛኛው የዓመት ፈቃድም ጡረታም የለውም። ትልቅነት ዋስትና እንደማይሆንም አይተናል፤ ሜታ በ2022 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር ላይ ከ11,000 በላይ፣ ጉግል ከሁለት ወር በኋላ 12,000 ያህል ሠራተኛ መቀነሳቸውን አስታውቀዋል። የቀድሞ አለቃዬ ደግሞ የቻይናዎቹን «996» ይወድ ነበር፤ ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 3፣ በሳምንት ስድስት ቀን። 72 ሰዓት ነው፤ የእኛን ሕግ በ24 ይበልጣል። የቻይናው ኩባንያ የአሊባባ መሥራች ጃክ ማ በ2019 እ.ኤ.አ. አመስግኖት ነበር። የቻይና ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ሕገ ወጥ ነው ማለቱን ግን አለቃዬ አልሰማም መሰለኝ።

እናንተን የምለምነው ብዙ አይደለም። ስልክ ማታ አይደወል አልልም። ሰርቨር ሰዓት አይመርጥም፤ የሰው ገንዘብ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ አይደር። የምለው ተረኛው በስም ይታወቅ ነው። ማታ ስልክ የሚደወልበት ቢሮ ሁሉ የተረኝነት ሰሌዳ በጽሑፍ ይኑረው፤ የሆስፒታል ነርሶች እንዳላቸው። ተጠባባቂ ሆኖ ማደር እንደ ምን እንደሚቆጠር በመመሪያ ይወሰን። ለተሠራበት ሰዓት ሕጉ ዋጋ አውጥቷል፤ ተኝቶ ለተጠበቀበት ደግሞ ቢያንስ የዕረፍት ቀን ይሰጥ። ስታርታፕ ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ማክሰኞ ጠዋትን ግን መስጠት አያቅተውም። ፈረንሳይ በ2017 እ.ኤ.አ. ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክና ኢሜይል ያለማየት መብት ላይ ከ50 ሠራተኛ በላይ ያላቸው ድርጅቶች እንዲደራደሩ አድርጋለች። እኛ የፈረንሳይን ሕግ መገልበጥ የለብንም፤ ራሳችን የጻፍናትን «ራሱን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ» የምትለውን ያቺን አንድ ሐረግ ብናብራራት ይበቃኛል።

ደግሞ አንድ ገጽ ናሙና ውል አዘጋጁልን። በአማርኛ፣ ከስልክ ላይ የሚወርድ። ትንንሽ ድርጅቶች የሕግ ክፍል የላቸውም፤ ያገኙትን ከኢንተርኔት ይገለብጣሉ። የእኔ የመጀመሪያ ውል መጨረሻ ላይ «ይህ ውል በዴላዌር ግዛት ሕግ ይገዛል» ይል ነበር። ካዛንቺስ ቁጭ ብዬ ፈረምኩት። ዴላዌር አሜሪካ ውስጥ እንደሆነ ያወቅኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በ2016 የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ ነኝ። ጎረቤቴ ያለችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ሠርተፊኬቷን አሳይታኛለች። እዚያ ውስጥ ስለ 8 ሰዓትና ስለ 48 ሰዓት፣ ስለ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ የምታወራ የግማሽ ሰዓት ትምህርት ብትጨመር ምን ይጎዳል? የምትመለከተው መሥሪያ ቤት ሌላ ከሆነ፣ እናንተ ንገሩልን።

የእህቴ ልጅ ቀዝቃዛ ማኪያቶውን ጠጥቶ «እሺ እኔስ የቱን ልያዝ?» አለኝ። የሚኖረው ጀሞ ከእናቱ ጋር ነው። እህቴ ስኳር አለባት፤ በወር አንዴ ሐኪም ጋ የሚያደርሳት እሱ ነው። ይኼን ሳስብ ወደ ስታርታፑ አደላሁ። ሰርቪሱን ሳስብ ደግሞ ወደ ትልቁ። መጨረሻ ላይ «ሁለቱም ጋ ደውልና ያቺን ጥያቄ ጠይቅ፤ መልሱን በጽሑፍ የሚልክልህን ያዝ» አልኩት።

ሰኞ ዕለት ጠየቀ። ትልቁ ድርጅት «ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» አለው። የስታርታፑ ባለቤት ራሱ ደወለ። ጥያቄው አስደንግጦት እንደነበር፣ እስካሁን ማታ ስልክ የሚያነሳው እሱ ራሱ ብቻ እንደሆነ፣ ሚስቱም በዚህ እንደተማረረች ነገረው። የተረኝነት ሰሌዳ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለህ ወይ ብሎም ጠየቀው። የደወለው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው።

ከሠላምታ ጋር፣
አንዲት የሶፍትዌር ፈታሽ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
ለቀድሞ አለቆቼ (በሥራ ሰዓት ይነበብ)
ለእህቴ ልጅ፤ ዓርብ ነገ ነው